የውጭ መሐንዲሶች ሲመጡ፦ በሰሜን ሸዋ ለንጹሕ ኃይል ሥራ የትኛው ትብብር ይሻላል?

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ዓለም ከተማ፣ አንድ የገበሬዎች ማኅበር፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በፀሐይ፣ በወንዝ፣ በባዮጋዝ ወይም በተሻሻለ ምድጃ ከውጭ ባለሙያ ጋር ልሥራ ሲል ምርጫው ከአራት አይወጣም። ዕቃውን ከነሙሉው አምጥቶ፣ ተክሎ የሚያስረክብ የእርዳታ ድርጅት አለ። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጥናትና በተማሪዎች ልውውጥ የሚሠራ ትብብር አለ። ሌላ አገር የተፈተነ ዲዛይን ተወስዶ፣ ለእኛ ሁኔታ ተስተካክሎ፣ በእኛው ግንበኛና ብየዳ ቤት የሚመረትበት መንገድም አለ። አራተኛው በዱቤ ወይም በየወሩ ክፍያ ዕቃ የሚያቀርብና ጥገናውን በውል የሚይዝ ኩባንያ ነው።

አራቱም በቦታቸው ጥሩ ናቸው፤ ያለቦታቸው ሲገቡ ግን የማኅበሩን ገንዘብም የሕዝቡንም ተስፋ ይበላሉ። የምናመዛዝንበት ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ በሦስተኛው ዓመት ዕቃው ሲቆም ማን ይፈታዋል? በየትኛው ሥዕል? በየትኛው መለዋወጫ? ሦስተኛው ዓመት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የብዙው ዕቃ ዋስትና የሚያልቀው፣ በአግባቡ ያልተያዘ የአሲድ ባትሪ የሚሞተው፣ በምረቃው ዕለት ሠርቲፊኬት የተቀበለው ልጅም ሌላ ሥራ አግኝቶ ከአካባቢው የሚሄደው በዚያው ሰሞን ነው።

መጀመሪያ ስሌቱ በሰሜን ሸዋ ከፍታ ይሠራ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ከጣርማ በር ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት መውረድ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም፤ ለመሐንዲስ ግን ሁለቱ የተለያየ አገር ናቸው። ከየትኛውም አጋር ጋር ብትሠሩ ስሌቱ በየትኛው ከፍታና ሙቀት እንደተሠራ መጠየቅ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሁን። የፋብሪካ ካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለልና ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተጻፈ ነው።

ውሃ ስቦ የሚያነሣ፣ ከላይ የሚቀመጥ ፓምፕን እንውሰድ። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት በንድፈ ሐሳብ እስከ 10.3 ሜትር ያነሣል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ 8.8 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ላይ 7.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቧንቧው ሰበቃና የውሃው ትነት ተቀንሶለት በተግባር አስተማማኙ ሸዋ ሮቢት ላይ 6 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ላይ 5 ሜትር ያህል ነው። «7 ሜትር ይስባል» ተብሎ የመጣ ፓምፕ በበሬሳ ዳር 6 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ላይ ቢተከል አየር እየዋጠ ይንገጫገጫል፤ ኢምፔለሩም (ውስጡ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ጎማ) ቶሎ ይበላል። ፓምፑ አልተበላሸም፤ ቦታው ነው ያልተሰላው። መፍትሔው ፓምፑን ዝቅ አድርጎ ወደ ውሃው ማስጠጋት ወይም ከውሃ ውስጥ የሚሠራ ሰብመርሲብል መምረጥ ነው።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ሰው የሶላር ፓኔልን የሚጎዳው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። እውነት ነው፣ ፓኔል ሲቀዘቅዝ የተሻለ ያመነጫል፤ ነገር ግን ቮልቴጁም ይጨምራል። ክፍት ቮልቴጁ (ምንም ሳይያያዝበት የሚሰጠው) 49 ቮልት የሆነ ፓኔል ሦስቱ በተርታ ሲያያዙ 147 ቮልት ይሆናሉ። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር የሚችለው ጣሪያ 150 ቮልት ከሆነ ወረቀት ላይ ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ መንዝ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፓኔሉ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ25 ዲግሪ በታች በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.28 በመቶ ያህል ሲጨምር ድምሩ 7 በመቶ ይሆናል፦ 157 ቮልት። ኮንትሮለሩ በዚያች ጠዋት ሊቃጠል ይችላል። አምራቹም «ከጣሪያው አልፋችኋል» ብሎ ዋስትናውን ይከለክላል። ያው ንድፍ ሸዋ ሮቢት ላይ ዓመታት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ደጋ ላይ ሁለት ሁለት እያደረጉ ማሰር ወይም ጣሪያው 250 ቮልት የሆነ ኮንትሮለር መግዛት ነው።

ባትሪ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ባለ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ወፍራም ግድግዳና አየር ማስገቢያ ያለው ክፍል ለባትሪው ከማንኛውም የፋብሪካ ስም ይበልጣል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ሙቀቱን ይሻለዋል፣ 80 በመቶ ድረስም ሊጠቀሙበት ይቻላል፤ የአሲዱ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ይሁንና ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም፤ የራሱ መቆጣጠሪያ ይዘጋዋል። መንዝ ላይ ደጅ በተሰቀለ ሣጥን ውስጥ ካስቀመጣችሁት በውርጭ ጠዋት «ሶላሩ አልሠራም» የሚል ስልክ ይመጣል። ቤት ውስጥ አስገቡት፣ ያበቃል።

ኢንቨርተር (የባትሪና የፓኔል ኃይልን ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው) እና ጀነሬተርም በስስ አየር ይደክማሉ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጀነሬተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሩብ ያህሉን። የነፋስ ተርባይንም እንዲሁ ነው፦ ጣርማ በር ላይ ነፋሱ ኃይለኛ ቢሆንም አየሩ ስስ ስለሆነ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚገኘው ኃይል ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል።

ዕቃ አምጥቶ የሚተክል ድርጅት

ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ከማኅበሩ ኪስ የሚወጣው ገንዘብም ትንሽ ነው። በእርግጠኝነት የምንመርጠው ለጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ፒኪውኤስ የሚባል የተፈተኑ ዕቃዎች ዝርዝር አለው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ባትሪ ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ በፀሐይ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች አሉ። ቅዝቃዜውን በበረዶ መልክ ያከማቻሉ። ባትሪ የለም ማለት የሚሞት ባትሪ የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ እዚህ አመርታለሁ፣ አሻሽላለሁ ማለት ሕፃናት ላይ መሞከር ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ጠብቁ፦ ለማቀዝቀዣው የተተከለውን ፓኔል ማንም ሰው ስልክ ቻርጅ ሊያደርግበት አይቀጥልበት።

ለሌላው ሥራ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአሜሪካ የመጣ ሞተር ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ሞተሩ በስድስት አንድ እጅ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ፓምፑም የሚሰጠው ውሃ በዚያው ልክ ያንሳል፣ የሚያነሣበት ከፍታ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወርዳል። የአሜሪካ ቧንቧ ጥርስና በእኛ ገበያ ያለው የእንግሊዝ ጥርስ አይገጥሙም፤ መጀመሪያ ሁለት ዙር የሚገባ ስለሚመስል ቧንቧ ሠሪው በኃይል ያጠብቀዋል፣ በሳምንቱ ያንጠባጥባል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አንድ የጠፋ መገጣጠሚያ ሙሉ የውሃ ሥራ ሲያስቆም ይታያል።

የጉምሩኩን ወረቀትም ከመጫኑ በፊት ጨርሱ። ኢንቮይሱ፣ የዕቃ ዝርዝሩና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ ያለው የተቀባይ ስም በፈቃዱ ላይ ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የማከማቻ ኪራይ መቁጠር ይጀምራል። ሊቲየም ባትሪ እንደ አደገኛ ጭነት ስለሚታይ ዩኤን 38.3 የሚባለው የፍተሻ ወረቀት ከጭነቱ ጋር መምጣት አለበት። ድሮን ይዘው ለዳሰሳ የሚመጡ ካሉ ያለ ኢንሳ (የመረጃ መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዝባቸዋል፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ይህ መንገድ በጥሩ መልኩ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋዋ ሬማ መንደር የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ ለቤቶች የሶላር መብራት ሲያስገባ እዚያው መንደሩ ውስጥ የሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛም አቋቁሟል። ከዚያ ልንወስደው የሚገባው ይህንን ነው፦ ተከላውና ሥልጠናው አንድ ሥራ ነበሩ። ወደ እናንተ የመጣው ድርጅት የሥልጠና በጀቱን «የሁለት ቀን ገለጻ» ካደረገው፣ ሁለት ፓኔል ቀንሶ ሁለት ሰው ለሦስት ወር እንዲያሠለጥን ለምኑት። ፓኔሉ በኋላ ይጨመራል።

የዩኒቨርሲቲ ትብብር

ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር መሥራት ዕቃ በብዛት አያመጣም፤ የሚያመጣው ልኬት ነው። ነፋስና ወንዝ ላይ ደግሞ ያለ ልኬት የሚጀመር ሥራ ሁሉ ቁማር ነው። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ሦስት ጊዜ ብዜት ይጨምራል፦ 6 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስበት ቦታ 5 ከሚነፍስበት 1.7 እጥፍ ይሰጣል። ስለዚህ «ጣርማ በር ይነፍሳል» የሚለው ሁላችንም የምናውቀው ነገር ለመሐንዲስ አይበቃም፤ ቢያንስ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ለአንድ ሙሉ ዓመት የተለካ ይፈልጋል። የዓመት አማካዩ ከ5 ሜትር በሰከንድ በታች ከሆነ ለአነስተኛ ተርባይን አትድከሙ፤ ያንን ገንዘብ ፓኔል ግዙበት። ይህን ሥራ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተማሪዎች ከውጭ አቻዎቻቸው ጋር ቢይዙት ከየትኛውም ተቋራጭ የተሻለ ይሠሩታል፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸውና።

ችግሩ የሚመጣው ከቀን መቁጠሪያ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ተማሪዎች ዕረፍታቸው በእኛ ክረምት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይመጣሉ። የእኛ ተማሪዎች ያኔ ወደየቤታቸው ሄደዋል፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። በነሐሴ አንድ ጅረት 50 ሊትር በሰከንድ ይለካል እንበል፤ 20 ሜትር ቁልቁለት ካለው፣ ጠቅላላ ብቃቱን ግማሽ ብንል፣ ወደ 4.9 ኪሎ ዋት ይወጣዋል። ያው ጅረት መጋቢት ላይ 8 ሊትር ከሆነ የሚገኘው 0.8 ኪሎ ዋት አይሞላም። በነሐሴ ልኬት የተገዛው ተርባይን በበጋው ባዶውን ይቆማል። ስለዚህ የወንዝ ልኬት የካቲትና መጋቢት ላይ ይደገም፤ አጋሩ መምጣት ካልቻለ የእኛ ተማሪዎች በባልዲና በሰዓት ይለኩት። ትንሹን ጅረት በቦይ አንድ ቦታ ሰብስቦ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ አምስት ጊዜ መቁጠርና አማካዩን መውሰድ በቂ ነው። ለፀሐይ ግን ተቃራኒው ነው፦ ንድፉ በሐምሌና ነሐሴ ጭጋግ መሠራት አለበት፤ በዚህ በኩል የክረምት ጉብኝታቸው ይጠቅማል።

ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል። ቤት ለቤት መጠይቅ ሲሞላ እማወራዋ «ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መብራት እንፈልጋለን» ትላለች፤ ከማታው ማለቷ ነው። መጠይቁ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ከቀትር እስከ አመሻሽ ይሆናል። ሶፍትዌሩም ጭነቱ በፀሐይ ጊዜ ስለሆነ ባትሪ አያስፈልግም ብሎ ትንሽ ባትሪ ያወጣል። መጠይቁ ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ሳጥን መጨመርና ስሌቱን የሚያስገባው ሰው ከእኛ ወገን መሆን ይህን ይከላከላል።

አስቸኳይ መብራት ወይም ውሃ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ይህንን መንገድ ባይመርጥ ይሻላል። የተማሪ ፕሮጀክት የሚያልቀው ትምህርቱ ሲያልቅ ነው፤ ቡድኑ ይቀየራል፣ አዲሱ ቡድን አዲስ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ከተመረጠም የመለኪያ መሣሪያዎቹ እዚሁ እንዲቀሩ፣ መረጃው የጋራ እንዲሆን፣ የእኛ መምህርም በጽሑፉ ላይ ስሙ እንዲኖር አስቀድሞ ይጻፍ።

ዲዛይኑን ወስዶ እዚሁ ማምረት

ምርጫውን ለእኛ ብትሰጡን፣ ለቤት ውስጥ ኃይል ይህንን እናስቀድማለን። እንጀራ የሚጋግር ቤት ትልቁን ማገዶ የሚጨርሰው ምጣዱ ላይ ነው። «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በቅርጽ የሚወጣ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚዘጋ ነው፤ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተሠርቶ በኋላ በጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂአይዜድ ድጋፍ በየወረዳው አምራቾች ተሰራጨ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ላቀች የከሰል ምድጃም የኬንያው የሸክላ ጂኮ ተስተካክሎ የመጣ ነው። ሁለቱም የሚሰበሩት እዚሁ፣ የሚጠገኑትም እዚሁ ነው።

ደጋው ላይ ምርጥ ሲተከል የሚታዩ ስሕተቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ይደጋገማሉ። ቅርጹ የሚለካው ለ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ምጣድ ስለሆነ አስቀድሞ የቤቱን ምጣድ መለካት ያስፈልጋል፤ በምጣዱና በግድግዳው መካከል የጣት ስፋት ከቀረ ነበልባሉ በዚያ ወጥቶ ቁጠባው ይጠፋል፣ ዙሪያውን በጭቃ መዝጋት ግድ ነው። ሲሚንቶው በውርጭ ወቅት ሲሠራ ሌሊት ተሸፍኖ፣ ቀን እየረጠበ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቆየት አለበት፤ በሁለት ቀን ተፈትቶ የተሸጠ ቁራጭ በመጀመሪያው እሳት ይሰነጠቃል። በደብረ ብርሃን ዙሪያና በመንዝ የሚነደው ብዙውን ኩበት ነው፤ ኩበት ከእንጨት የበለጠ አመድ አለው፣ ስለዚህ አመዱ ከየጋገራው በኋላ ካልወጣ የአየር መግቢያው ተደፍኖ ጭሱ ይብሳል።

የኩበቱ ነገር ወደ ባዮጋዝ ይወስደናል። እበቱ ተደርቆ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ባዮጋዝ ላይ ግን ጋዙ ይነድዳል፣ ዝቃጩም ወደ እርሻ ይመለሳል። ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉንም ሰው የሚማርከው። በኢትዮጵያ የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራሙ በሆላንዶቹ ድርጅቶች በኤስኤንቪና በሂቮስ ድጋፍ ሲጀመር የተመረጠው ስንዱ የተባለው ሞዴል ነው፤ ከኔፓሉ ጂጂሲ 2047 ተስተካክሎ የተወሰደ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መሬት ውስጥ የሚገነባ ጉልላት። ኔፓል ተራራማ አገር ናት፣ ገበሬዋም እንደኛው ከብት አርቢ ነው፤ ዲዛይኑ ከፋብሪካ ሳይሆን ከግንበኛ እጅ የሚወጣ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም የት እንደሚሠራ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። እበቱን የሚያብላሉት ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፤ የመሬቱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ጋዙ በጣም ያንሳል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ሊቆም ጥቂት ይቀረዋል። ባለ 6 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በቀን 40 ኪሎ ያህል እበትና 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ይህ ማለት በረት የሚያድሩ ቢያንስ አራት ከብቶች ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት፣ አረርቲና ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርዱት ቀበሌዎች ከዚህ 1.5 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይገኛል፤ ለአንድ ምድጃ አራት ሰዓት ያህል ነው፣ ወጥና ቡና በምቾት ያበስላል። እንጀራ ግን የተለየ ሰፊ ማቃጠያና ብዙ ጋዝ ስለሚፈልግ ጋገራውን ለምርጥ ምድጃ ተዉት። ደብረ ብርሃን፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ ላይ የተለመደው ጉልላት በውርጭ ወራት አያስተማምንም፤ አጋራችሁ ፕላስቲክ ሽፋንና የገለባ መከላከያ ይጨመር ካላችሁ አንድ ብቻ ሠርታችሁ ዓመት ሙሉ ለኩ፤ ሃምሳ አባወራ ላይ አትጀምሩ። ቆላው ላይም ቢሆን ውሃ ከግማሽ ሰዓት በላይ እየተቀዳ የሚመጣ ከሆነ ጉድጓዱ በስድስት ወር ይደርቃል፤ ውሃውን የሚቀዱት ሴቶቹ ናቸውና ውሳኔው ያለነሱ አይወሰን።

ግንበኛው የሚስተው ደግሞ የጉልላቱን ውስጥ ልስን ነው። እያንዳንዱ የልስን ንብርብር ሳይቋረጥ ካላለቀ መጋጠሚያው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይቀራል፤ ውሃ አያሳልፍም፣ ጋዝ ግን ያሳልፋል። ቤተሰቡ «እበት እንጨምራለን፣ ጋዝ የለም» ይላል። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ፣ ጉልላቱን በግፊት መለኪያ መፈተሽ ከርክክብ በፊት ነው።

አነስተኛ የውሃ ተርባይንም በዚህ መንገድ ይመጣል። ክሮስፍሎው የሚባለው ዓይነት ከላሜራና ከተሰነጠቀ ቧንቧ ሊበየድ ይችላል፤ በሲዳማ በጂአይዜድ ድጋፍ የተተከሉ ትንንሽ ጣቢያዎች አሉ። እንደ አንኮበር ባሉ ገደላማ ቦታዎች ቁልቁለቱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የበጋ ውሃና ደለልን የሚያስቀር ጥሩ ማጥለያ ነው።

ከኩባንያ ጋር በውል

ለአንድ ቤት መብራት፣ ሬዲዮና ስልክ ይህ ይበቃል፤ ብዙ ማሰብም አይጠይቅም። ዕቃው ቬራሶል የሚባለውን የጥራት ፍተሻ ማለፉን፣ የዋስትና ካርዱም በአማርኛ መሆኑን እዩ። በየወሩ ክፍያ የሚከፈት ዕቃ ከሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ እንዴት እንደሚከፈት ጠይቁ፤ የሦስት ወር ኮድ አስቀድሞ የሚሰጥ ውል አለ፣ የማይሰጥም አለ፤ ሁለተኛውን አትፈርሙ። ምድጃ በነጻ ወይም በርካሽ የሚያድል ኩባንያ ከመጣ ከካርቦን ሽያጭ (ምድጃው የቀነሰውን ጭስ አስቆጥሮ ከመሸጥ) የሚያገኘው ገቢ ሊኖር ይችላል። ያ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ምድጃውን የሚወስዱት ቤተሰቦች የሚፈርሙት ወረቀት መብታቸውን ለስንት ዓመት እንደሚያስተላልፍና ለቀበሌው ምን እንደሚመለስ ተነቦላቸው ይፈርሙ።

ለወፍጮ ቤት ደግሞ የተለየ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ኩረንት ይጎትታል፤ ይህንን የማይጠይቅ ሻጭ ኢንቨርተራችሁን ያቃጥለዋል። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ድራይቭ በዋጋው ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድም 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ በትንሽ መንደር የሶላር መስመር ላይ ሁለትና ሦስት ቤት አብረው ከጋገሩ መስመሩ ይወድቃል፤ «ምጣድ ይችላል ወይስ አይችልም» የሚለው በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ።

የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፦ አንድ ስሌት

አንድ ሄክታር ሽንኩርት በደረቁ ወቅት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይጠጣል፤ 50 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ውሃው 30 ሜትር የሚነሣ ከሆነ ለማንሣት ብቻ በቀን 4.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ አንድ ላይ 45 በመቶ ቢሠሩ ከፓኔሉ የሚጠየቀው 9.1 ነው። በቀን 5.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ እናገኛለን ብንል፣ ለአቧራና ለሙቀት 20 በመቶ ቀንሰን፣ 2.1 ኪሎ ዋት ፓኔል ይወጣል፤ ባለ 450 ዋት አምስት ፓኔል።

ይህ ግን ጠብታ በጠብታ ለሚያጠጣ ነው። በቦይ ሲለቀቅ ማሳው ላይ የሚደርሰው ከአሥር ስድስት እጁ ብቻ ከሆነ መነሣት ያለበት 83 ሜትር ኩብ፣ ፓኔሉም 3.4 ኪሎ ዋት፣ ስምንት ፓኔል ይሆናል። ውጭ ሆኖ የሚያሰላ መሐንዲስ ጠብታውን፣ ገበሬው ደግሞ ቦዩን ያስባል፤ ፀቡ የሚነሣው ሦስት ፓኔል ጎድሎ ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ነው። ለዚህ ሥራ የምንመርጠው ከኩባንያ ጋር የሚደረግ የጥገና ውል ከዩኒቨርሲቲ ልኬት ጋር ተጣምሮ ነው፦ የጉድጓዱን የበጋ ውሃ ዩኒቨርሲቲው ይለካል፣ ፓምፑን ኩባንያው ያቀርባል። ባትሪ አይግባበት፤ ውሃው በገንዳ ይከማች። ፓምፑ ጉድጓዱ ሲደርቅ ራሱን የሚያጠፋ የደረቅ መከላከያ ይኑረው፤ ያለሱ ሞተሩ በአንድ ከሰዓት ይነድዳል።

ከመፈረማችሁ በፊት

ሥዕሎቹ በወረቀትና በፋይል፣ ለማስተካከልም ነጻ ሆነው ይሰጡ። የኢንቨርተሩ የይለፍ ቃልና መቆጣጠሪያ አካውንት በመሐንዲሱ ኢሜይል ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ መረጃ የሚልከው ሲም ካርድ ማን እንደሚሞላውም ይታወቅ፣ ካርዱ ሲዘጋ የሩቁ አጋር ዓይኑ ይጠፋልና። መለዋወጫ ከዕቃው ጋር አብሮ ይምጣ፦ ፊውዝ፣ ብሬከር፣ የመብረቅ መከላከያ፣ ኤምሲ4 የተባለው የፓኔል ገመድ ማያያዣና ማጥበቂያ መሣሪያው፣ የፓምፑ ማኅተም፣ አንድ ተጨማሪ ኮንትሮለር። ደጋው ላይ መብረቅ ስለሚበዛ የመሬት ገመዱ ተቃውሞ ከ10 ኦም በታች መሆኑ በበጋ፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ ይለካ። ለጥገና በየዓመቱ የዕቃውን ዋጋ ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ባትሪ ካለም የባትሪውን ዋጋ በዕድሜው አካፍሎ ለብቻው በባንክ ማስቀመጥ ግድ ነው። የመንደር መስመር የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ የዋናው መስመር ዕቅድ በስንት ዓመት ወደ ቀበሌው እንደሚደርስ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ጠይቁ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው።

በርክክቡ ዕለት ሪባን ከመቆረጡ በፊት የውጭ መሐንዲሶቹ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡ። የእኛ ቴክኒሻን ብቻውን ሲስተሙን በሙሉ ያጥፋ፣ አንድ ፊውዝ አውጥቶ ይቀይር፣ ቮልቴጁን በየነጥቡ ለክቶ ይጻፍ፣ እንደገና ያስነሣ። የሚጠይቀው ሰው ሳያስፈልገው ከጨረሰ ፈርሙ። ካልጨረሰ ፊርማው ይቆይ፣ ሥልጠናው ይቀጥል።